ደስታና ዋጋ ሲመዘኑ፤ የባለሁለት መቀመጫዋ የስፖርት መኪና ታሪክ



ጠዋት ወደ ሥራችሁ ስትሄዱ፣ ከመሬት እምብዛም ያልራቀች፣ ጣሪያዋ ከሸራ የተሠራ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ ትንሽ መኪና በአጠገባችሁ ብታልፍ፣ ከሁለት ጥያቄ አንዱ በልባችሁ መምጣቱ አይቀርም። አንዱ «ይህች መኪና ምን ያህል ትሮጥ ይሆን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ቤተ ሰብ ለማትጭን፣ እህል ለማታመላልስ መኪና ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ምን የሚሉት ነገር ነው?» የሚል ነው። ሁለቱም የአስተዋይ ሰው ጥያቄዎች ናቸው። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ደስታን በፍጥነት ብቻ፣ ሁለተኛውም ዋጋን በጭነት ብቻ ይለካል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን ግን ሁለቱም መለኪያዎች አጫጭር መሆናቸውን ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው፣ የስፖርት መኪና ሠሪዎች ደስታንና ዋጋን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ እንዴት እንደ ደከሙ፣ ማን እንደ ተሳካለት፣ ማንስ በእጁ የነበረውን እንዴት እንደ ጣለው ነው። ነገሩ የመኪና ነገር ቢመስልም፣ ስሙ የተጠራ ሥራ እንዴት እንደሚነሣና እንዴት እንደሚወድቅ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ መኪና ለመግዛት ፈጽሞ ላላሰበ ሰው ጭምር ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

አስቀድመን ደስታው ከምን እንደሚገኝ እንመርምር። አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው ዕድሜዋን፣ እግሯን አይተው ጥንካሬዋን ካወቁ በኋላ፣ ወጥተው ሳይቀመጡባት ዋጋ አይቆርጡም ነበር። ምክንያቱም ጉልበት በዓይን ሲታይ፣ ስግሪያ ግን በኮርቻ ላይ ካልሆነ በቀር አይታወቅም። ልጓሙ ጥቂት ሲነካ የምትሰማ፣ ያለ ጅራፍ የምትሄድ በቅሎ፣ ከርስዋ የበለጠ ጉልበት ካላት አመለኛ በቅሎ ትመረጥ ነበር። የስፖርት መኪናም ነገር ይኸው ነው። ከባድ መኪና ብርቱ ሞተር ቢገጠምላት በቀጥታው መንገድ ትሮጣለች፤ ነገር ግን መታጠፊያው በደረሰ ጊዜ ክብደቷ ወደ ውጭ ይገፋታል፣ ፍሬኗም ይደክማል፣ ጎማዋም ይበላል። ቀላሏ መኪና ግን ትንሽ ሞተር ይበቃታል፤ መሪዋም ጎማው መሬቱን ምን ያህል እንደ ጨበጠ ለነጂው እጅ ይነግረዋል። ስለዚህ ነጂው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ እንኳ መንዳቱ ይታወቀዋል፣ ደስም ይለዋል። ይህን ቁም ነገር ልብ በሉት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ጦርነቱ በ1945 ዓመተ ምሕረት ባለቀ ጊዜ እንግሊዝ አሸናፊ ብትሆንም ዕዳዋ ብዙ ነበር። መንግሥቷም ፋብሪካዎች ሁሉ ዕቃቸውን ወደ ውጭ አገር እየሸጡ የውጭ ገንዘብ እንዲያመጡ አጥብቆ አዘዘ፤ ብረት የሚታደለውም ይበልጡን ወደ ውጭ ለሚልኩት ነበር። በዚያው ዓመት በኦክስፎርድ አጠገብ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ ያለው የኤም ጂ ፋብሪካ «ቲ ሲ» የተባለችውን መኪና አወጣ። ኤም ጂ ማለት ሞሪስ ጋራዥ ከሚለው ስም የመጣ ሲሆን፣ ፋብሪካውን ለዚህ ያበቃው ሴሲል ኪምበር የተባለ ሰው ነው።

ቲ ሲ በወረቀት ላይ ብትመረመር የምታስደንቅ አልነበረችም። ሞተሯ 1,250 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቷ 54 የፈረስ ጉልበት ነበር። የፊቷም የኋላዋም ባልስትራ እንደ ጋሪ ባልስትራ የጠነከረ፣ የአካሏም ማገር እንጨት፣ ቸርኬዋም ባለሽቦ ነበር። መሪዋ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ስለ ነበረ፣ በመንገዳቸው ቀኝ ለሚነዱት ለአሜሪካኖች የማትመች ነበረች። ከተሠሩት 10,000 ያህል መኪናዎች መካከል ወደ አሜሪካ የሄዱት 2,000 ያህሉ ብቻ ናቸው። ነገር ግን የእነዚህ የጥቂቶቹ ወሬ ከቁጥራቸው በለጠ። አሜሪካዊው ነጂ በዚያን ዘመን የለመደው እንደ አልጋ የምታወዛውዝ ትልቅ መኪና ነበርና፣ ይህች ትንሽ መኪና ግን መንዳት ራሱ ጨዋታ መሆኑን አሳየችው። በ1961 ከአሜሪካኖች መካከል መጀመሪያ የዓለም የመኪና እሽቅድምድም ሻምፒዮን የሆነው ፊል ሂል፣ በወጣትነቱ በቲ ሲ ተወዳድሯል።

እንግዲህ አንደኛው መንገድ ይህ ነበር፤ ጉልበቷ ጥቂት፣ ክብደቷም ጥቂት፣ ዋጋዋም መጠነኛ የሆነ መኪና። ሁለተኛው መንገድ በ1948 በለንደን የመኪና ኤግዚቢሽን ላይ ታየ። የጃጓር ፋብሪካ ባለቤት ዊልያም ላየንስ «ኤክስ ኬ 120» የተባለችውን መኪና ለሕዝብ አቀረበ። ሞተሯ 3.4 ሊትር፣ ጉልበቷም 160 የፈረስ ጉልበት ነበር። 120 የሚለው ቁጥር በሰዓት 120 ማይል፣ ማለት 193 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች ለማለት ነው። ይህን ያላመኑ ብዙዎች ነበሩና፣ በ1949 በቤልጅግ አገር ያበከ በምትባል ስፍራ በተዘጋ አውራ ጎዳና ላይ ተፈትና በሰዓት 213 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠች። ዋጋዋ ቀረጥ ሳይጨመርበት 998 ፓውንድ ብቻ ነበር። ፋብሪካው መጀመሪያ ጥቂት መቶ ብቻ ለመሥራት አስቦ አካሏን በእጅ ከተቀጠቀጠ አሉሚኒየም ሲሠራ፣ የገዢው ብዛት ከሐሳቡ ስላለፈ በ1950 በፕሬስ ወደሚወጣው የብረት አካል ለመዛወር ተገደደ።

እዚህ ላይ አንባቢው «በዚያን ዘመን ገንዘብ የነበረው ሰው ከሁለቱ የትኛዋን ቢገዛ ይሻለው ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ ከመንገዱ ይነሣል። ረጅምና ቀጥ ያለ መንገድ ላለው ሰው ጃጓር ከዋጋዋ በላይ የምትሰጥ መኪና ነበረች። በጠባብና በጠመዝማዛ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ግን፣ የጃጓርን ዋጋ ግማሽ እንኳ ሳታስከፍል ቲ ሲ በየቀኑ ታስደስተው ነበር። እንግዲህ ዋጋ ማለት ለገንዘቡ የተቀበሉት የፈረስ ጉልበት ብዛት ሳይሆን፣ ከተቀበሉት ውስጥ በእርግጥ የሚሠሩበት መሆኑን እዚህ ላይ እናያለን።

ከዚህ በኋላ የመጡትን መኪናዎች ለመረዳት አንድ የአገራችን ተረት ይበቃናል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። የ1950ዎቹ ዓመታት የስፖርት መኪናዎች ሁሉ ከሞላ ጎደል በቅሎዎች ነበሩ። አካላቸው እንደ ፈረስ ቢያምርም፣ ሞተራቸውንና ካምቢዮአቸውን የወረሱት ከተራው የቤተ ሰብ መኪና ነበር። በ1952 በለንደን ኤግዚቢሽን የታየችው ሂሊ 100 ሞተሯ ከኦስቲን ኤ 90 የተወሰደ ነበር፤ የኦስቲን ፋብሪካ አለቃ ሌናርድ ሎርድ ባያት ጊዜ ወደዳትና ከሠሪዋ ከዶናልድ ሂሊ ጋር ወዲያው ተስማማ፤ ስሟም ኦስቲን ሂሊ ተባለ። በ1953 የወጣችው ትራያምፍ ቲ አር 2 ሞተሯ 1,991 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሲሆን፣ ከስታንዳርድ ቫንጋርድ የቤት መኪና የመጣ ነው፤ የዚሁ ሞተር ዘመድ በፈርጉሰን የእርሻ ትራክተር ላይ ሲያርስ ይውል ነበር። በጀርመኖችም ዘንድ ነገሩ እንዲሁ ነው። በ1948 በኦስትሪያ አገር በግሙንድ መንደር የተወለደችው ፖርሽ 356፣ ሞተሯንና የጎማ ማንጠልጠያዋን ያገኘችው ከቮልስዋገን ነበር።

ይህ መወራረስ ነውር ሳይሆን የዋጋቸው ምሥጢር ነበር። ሞተሩ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሆኖ ለተራው መኪና ስለሚሠራ ወጪው ይቀንሳል፤ መለዋወጫውም በየጋራዡ ይገኛል፤ የሰፈሩ መካኒክ ያውቀዋል። ዘሩ የከበረ የኢጣልያ መኪና በአንድ ቫልቭ ምክንያት አንድ ወር ስትቆም፣ ትራያምፍ በማግሥቱ መንገድ ላይ ትገኝ ነበር። ቢሆንም በቅሎዋ ከሠሪዎቿ ብልሃት አልጎደለባትም። ቲ አር 3 በ1956 ከእንግሊዝ አገር በብዛት ከሚሠሩት መኪናዎች መካከል የዲስክ ፍሬን በፊት ጎማዎቿ ላይ ቀድማ ያገኘች ናት።

ክቡራን አንባቢዎች፤ አሁን ወደ 1961 እና ወደ 1962 እንድረስ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሦስት የእንግሊዝ መኪናዎች ወጡ፤ ሦስቱም ለአንድ ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡ።

የመጀመሪያዋ በመጋቢት 1961 በጄኔቫ የታየችው ጃጓር ኢ ታይፕ ናት። ባለ 3.8 ሊትር ሞተሯ 265 የፈረስ ጉልበት አለው ተባለ፤ አራቱም ጎማዎቿ የዲስክ ፍሬን፣ የኋላ ጎማዎቿም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚነጥሩበት ማንጠልጠያ ነበራቸው። ዋጋዋ በእንግሊዝ አገር ከነቀረጡ ከ2,000 ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ስለ ሆነ፣ የአስተን ማርቲን ዋጋ ግማሽ ያህል ነበር። ፋብሪካው በሰዓት 150 ማይል፣ ማለት 241 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች ብሎ አስነገረ። ለጋዜጠኞች የተሰጡት መኪናዎች በጥንቃቄ የተዘጋጁ ስለ ነበሩ ወደዚያ ፍጥነት ሲደርሱ፣ ሕዝቡ የገዛቸው ግን ብዙዎቹ ጥቂት ይጎድሉ ነበር። የካምቢዮዋም የመጀመሪያው ማርሽ በዝግታ ካልሆነ አይገባም ነበርና፣ ይህ የተሻሻለው በ1964 ባለ 4.2 ሊትሯ ስትወጣ ነው። በማስታወቂያ የተጻፈ ቁጥርና በእጅ የገባ ዕቃ አንድ አለመሆናቸውን ገዢ ሁሉ ሊያስብ ይገባዋል።

ሁለተኛዋ በ1962 የወጣችው ኤም ጂ ቢ ናት። ሞተሯ 1,798 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጉልበቷ 95 የፈረስ ጉልበት፣ ዋጋዋም ከነቀረጡ ከ1,000 ፓውንድ በታች ነበር። ሻንሲዋና አካሏ ተለያይተው ሳይሆን በአንድነት የተሠሩ ስለ ሆኑ፣ ከቀደሙት እኅቶቿ ይልቅ የጠነከረችና ለተቀማጩም የምትሰፋ ሆነች። ነገር ግን በምርጫ የሚጨመረው ዕቃ ዝርዝሯ ሊመረመር የሚገባው ነው። በዚያ በብርዳም አገር የክፍል ማሞቂያው እንኳ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ አልነበረም፤ ለብቻው ይከፈልበት ነበር። ባለሽቦ ቸርኬ የሚፈልግ ይጨምራል፤ ጠንካራ ጣሪያ የሚፈልግ ይጨምራል፤ ኋላም ኦቨርድራይቭ የሚፈልግ ይጨምራል። ከእነዚህ መካከል አስተዋዩ ገዢ የመረጠው ማሞቂያውንና ኦቨርድራይቩን ነበር። ኦቨርድራይቭ ማለት በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መኪናዋ ግን በዚያው ፍጥነት እንድትሄድ የሚያደርግ ተጨማሪ ማርሽ ነውና፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ ጆሮንም ያሳርፋል፣ የሞተሩንም ዕድሜ ያረዝማል። ባለሽቦው ቸርኬ ግን ለዓይን ቢያምርም፣ ሽቦው ሲላላ መወጠር፣ ሲቆሽሽም አንድ ባንድ መጥረግ የሚያስፈልገው የበዓል ልብስ ነበር።

ሦስተኛዋ በዚያው ዓመት በለንደን የታየችው ሎተስ ኢላን ናት። ሠሪዋ ኮሊን ቻፕማን መኪናን ለማፍጠን ጉልበት ከመጨመር ክብደት መቀነስ ይበልጣል የሚል እምነት የነበረው መሐንዲስ ነው። የኢላን አካል ከፋይበርግላስ፣ ሻንሲዋም በመካከል እንደ ጀርባ አጥንት ከሚያልፍ አንድ የብረት ሳጥን የተሠራ ስለ ሆነ፣ መላ ክብደቷ ከ700 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ሞተሯ 1.6 ሊትር እንኳ አይሞላም፤ መሠረቱም የፎርድ ነው። ነገር ግን የመሪዋ ልስላሴና የመታጠፊያ ችሎታዋ ከሷ ይልቅ በብዙ የተወደዱትን መኪናዎች አሳፍሯል። ከዚህም ሌላ በእንግሊዝ ሕግ መኪና ተገጣጥማ ሳታልቅ በየክፍሏ ብትሸጥ የግዢ ቀረጥ ስለማይከፈልባት፣ እጁ የሠለጠነ ገዢ ኢላንን በሳጥን ተቀብሎ በቤቱ ሊገጣጥማት ይችል ነበር። ይህ ዕድል በ1973 የቀረጡ ደንብ እስኪለወጥ ድረስ ቆይቷል። ጉድለቷ ግን የታወቀ ነው፤ የኋላ ጎማዎቿን የሚያዞሩት አክሲዮች የጎማ መጋጠሚያ ስለ ነበራቸው በየጊዜው ይፈተሹና ይለወጡ ነበር፤ ባለቤቷም መፍቻ ከእጁ የማይለይ መሆን ነበረበት።

እንግዲህ ሦስቱን ስናስተያይ ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ኢ ታይፕ ለአንድ ፓውንድ ከሁሉ የበለጠ ፍጥነትና ውበት ትሰጣለች፤ ኢላን ለአንድ ፓውንድ ከሁሉ የበለጠ የመንዳት ደስታ ትሰጣለች፤ ኤም ጂ ቢ ግን ለአንድ ፓውንድ ከሁሉ የበለጠ የሚነዳበት ቀን ትሰጣለች። ደመወዙ በየወሩ የሚቆጠርለት ሰው ሦስተኛውን መልስ መረጠ። ስለዚህም ኤም ጂ ቢ ከ1962 እስከ 1980 ከ500,000 በላይ ሆና ተሠራች፤ በዘመኗ ከእንግሊዝ የስፖርት መኪናዎች መካከል ከርስዋ ጋር የሚስተካከል ሽያጭ አልታየም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ የደስታ ታሪክ በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን አላለቀም። በ1966 የአሜሪካ መንግሥት የመኪናን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በ1970ም የአየርን ንጽሕና የሚመለከተው ሕግ ጠበቀ። ሁለቱም ሕጎች የሰውን ሕይወትና ጤና ለመጠበቅ የወጡ ስለ ሆኑ የሚነቀፉ አይደሉም። የሚነቀፈው አንዳንዱ ፋብሪካ ለሕጉ የሰጠው መልስ ነው። በ1968 ብዙዎቹ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ተጠቃለው ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በተቋቋመ ጊዜ፣ ኤም ጂና ትራያምፍ የነበሩት ተፎካካሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። ኩባንያውም ገንዘቡን በአዲሲቱ ትራያምፍ ላይ ስላዋለ፣ ኤም ጂ ቢ እንድትታደስ ሳይሆን እንድትለጠፍባት ብቻ ተፈረደባት።

በ1974 የአሜሪካው ደንብ ፓራውልቱ በተወሰነ ከፍታ እንዲሆን ስላዘዘ፣ አቢንግደን ያሉት ሠራተኞች አዲስ አካል የሚሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውምና መኪናዋን ወደ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ከፊትና ከኋላ ትልልቅ ጥቁር የላስቲክ ፓራውልት ለጠፉባት። ከፍ ያለች መኪና በመታጠፊያ ላይ ትዘነብላለች፤ ዝንባሌውን የሚከላከለውም ዘንግ ለጊዜው ተወገደ፤ የተመለሰው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወደ አሜሪካ የሚላኩት በሁለት ካርቡራቶር ፈንታ አንድ ብቻ ስለ ተሰጣቸው፣ 95 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ ስድሳ ቤት ወረደ። ደንቡ በፊደሉ ተፈጸመ፤ መኪናዋ ግን የተሠራችበት ምክንያት ተረሳ። በ1975 የወጣችው ትራያምፍ ቲ አር 7 ደግሞ ጣሪያዋ ክፍት ሳይሆን ተደፍኖ መጣ፤ ምክንያቱም ክፍት መኪና በአሜሪካ ይከለከላል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ያ የተፈራው ሕግ ግን ሳይወጣ ቀረ። ሊቨርፑል የነበረው ፋብሪካዋም በሥራ ማቆም አድማ ይታወክ ስለ ነበረ፣ የአሠራሯ ጉድለት ስሟን አጠፋው።

ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። እንግሊዞች በከፈቱት በር የገባው ግን ጅብ ሳይሆን ትጉ ሠራተኛ ነበር። የጃፓኑ የኒሳን ፋብሪካ በ1969 መጨረሻ ያወጣትን ዳትሰን 240 ዜድን በ1970 በአሜሪካ በ3,526 ዶላር ሸጠ። ሞተሯ ባለስድስት ሲሊንደር 2.4 ሊትር ሲሆን፣ አራቱም ጎማዎቿ ለየብቻቸው ይነጥራሉ፤ ፍጥነቷ በሰዓት ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በጃጓር ሐሳብ የተሠራች፣ በኤም ጂ ዋጋ አጠገብ የተሸጠች መኪና ነበረች ማለት ይቻላል። ገዢው የሚያስፈልገውን ለመጨመር ዝርዝር እየቆጠረ እንዳይከፍል፣ አብዛኛው ዕቃ በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ትነሣለች፤ ሌሊት መብራቷ ይበራል። አካሏ ግን በጨው መንገድ ላይ ፈጥኖ ይዝግ ነበርና ፍጹም አልነበረችም። ቢሆንም በአራት ዓመት ውስጥ ከ150,000 በላይ ተሸጠች። የአሜሪካ የአየር ንጽሕና ሕግ እርስዋንም ይመለከት ነበር፤ ልዩነቱ ሠሪዎቿ ሕጉን እንደ ሥራ ጥያቄ እንጂ እንደ ቅጣት አልቆጠሩትም።

በመስከረም 1979 በአቢንግደን ከተማ ኤም ጂ በዚያ ፋብሪካ ከገባ 50 ዓመት የሞላበት በዓል ተከበረ። ሰልፍ ተደረገ፤ ከተማውም ደስ አለው። በዓሉ አልቆ ሰኞ ዕለት፣ ማለት መስከረም 10 ቀን፣ ኩባንያው የኤም ጂን ሥራ በዚያ እንደሚያቆም አስታወቀ። የፓውንድ ዋጋ ከዶላር አንጻር ስለ ጨመረ በአሜሪካ የሚሸጠው መኪና ኪሣራ ያመጣ ነበር፤ ለሃያ ዓመት ያህል ሳትታደስ የቆየች መኪና ደግሞ ዋጋዋን ከፍ አድርጋ ልትሸጥ አትችልም። በጥቅምት 1980 የመጨረሻዋ ኤም ጂ ቢ ከመሥመሩ ወጣች፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። ዕድሜያቸውን በዚያ የጨረሱ ሠራተኞች የመዶሻቸውን እጀታ ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ የእጃቸው ጥበብ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ያንን ጥበብ የሚያዝዝ አሳቢ ራስ ነው።

በዚያው በ1979 ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በጃፓን አገር የማዝዳ ፋብሪካን ሲጎበኝ፣ የምርምር ክፍሉ አለቃ ኬኒቺ ያማሞቶ «ወደ ፊት ምን ዓይነት መኪና ብንሠራ ይሻላል?» ብለው ጠየቁት። እርሱም እንደ ጥንቶቹ የእንግሊዝ መኪናዎች ቀላል፣ ክፍት፣ ዋጋዋም የማይከብድ ባለሁለት መቀመጫ መኪና ሥሩ ብሎ መለሰ። ሐሳቡ አሥር ዓመት ፈጀ። የሥራው አለቃ ቶሺሂኮ ሂራይ ባልደረቦቻቸውን የመሩት «ጂንባ ኢታይ» በሚለው የጃፓኖች አነጋገር ነው፤ ትርጓሜውም ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ይህ አነጋገር ለኛ እንግዳ አይደለም። ባገራችን ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራ ነበርና፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው መባላቸው፣ ሰውና ፈረስ በአንድ ስም የሚጠሩበት ባህል ስለ ነበረን ነው።

በየካቲት 1989 በቺካጎ ኤግዚቢሽን ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ በአሜሪካ ስሟ ሚያታ፣ ለሕዝብ ታየች። ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ጉልበቷ 116 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷም ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቿም ላይ ከሞላ ጎደል እኩል የተከፈለ ነበር። መሐንዲሶቿ ሎተስ ኢላንን በቅርብ አጥንተዋት ነበር፤ ነገር ግን የኢላንን ልስላሴ ሲወስዱ የኢላንን መፍቻ አልወሰዱም። ዋጋዋ በአሜሪካ 13,800 ዶላር ሲሆን፣ ሬዲዮው፣ የአየር ማቀዝቀዣውና መሪን የሚያቀለው መሣሪያ በምርጫ የሚጨመሩ ነበሩ። ፈላጊዋ ስለ በዛ ግን አንዳንዱ ሻጭ ከተጻፈው ዋጋ በላይ ያስከፍል ነበርና፣ የቸኮለ ገዢ ቅናሹን በገዛ እጁ አጠፋው። በ2000 ዓመተ ምሕረት በዓለም ከተሸጡት ባለሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪናዎች ሁሉ በብዛት ቀዳሚ መሆኗ በጊነስ መዝገብ ተጻፈ፤ በ2016ም አንድ ሚሊዮን ሞላች። በ2015 መሸጥ የጀመረችው አራተኛዋ ትውልድ፣ ሌሎች መኪናዎች ሁሉ በየጊዜው እየከበዱ ሲሄዱ፣ ቀላሏ ዓይነት ከ1,000 ኪሎ ግራም በታች ሆና መውጣቷ የመጀመሪያው ሐሳብ እንዳልተረሳ ያሳያል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ከዚህ ታሪክ መኪናን ለሚያስተያይ ሰው አራት ምክር ይገኛል። አንደኛ፣ ከጉልበቷ በፊት ክብደቷን ይጠይቅ፤ ጉልበት በየዓመቱ ይገዛል፣ የተጫነ ክብደት ግን አይወርድም። ሁለተኛ፣ በየዕለቱ የሚሄድበትን መንገድ ያስብ እንጂ በሕልሙ የሚሄድበትን መንገድ አያስብ። ሦስተኛ፣ ከሚጨመረው ዕቃ ውስጥ የሚሠራበትን ይምረጥ፤ ለዓይን የሚሆነው ዓይን ሲለምደው ዋጋው ያልቃል፣ ኦቨርድራይቩ ግን እስከ መጨረሻው ያገለግላል። አራተኛ፣ ዋጋውን ሲያሰላ የመግዣውን ቀን ብቻ ሳይሆን ጋራዥ የምትቆምበትን ቀን ሁሉ ይቁጠር።

በቢሮ ለምናገለግል ሰዎች ግን አምስተኛ ነገር አለ። አቢንግደንን የዘጋው ሕግ አልነበረም፤ ሕጉ የደረሰባቸው ሁሉ አልተዘጉምና። የዘጋው፣ ሥራው ለምን እንደ ተጀመረ የሚያስታውስ ሰው ከአዛዦቹ መካከል መጥፋቱ ነው። ደንብ ሲመጣ ላስቲክ ለጥፎ ቅጹን መሙላት ቀላል ነው፤ ደንቡንም ሥራውንም አብሮ መፈጸም ግን አሳብና ድካም ይጠይቃል። ያንን ድካም የሸሸ መሥሪያ ቤት ስሙ በበሩ ላይ ተጽፎ ይቆይ ይሆናል፤ ውስጡ ግን እንደዚያች ከፍ እንደ ተደረገች መኪና መታጠፊያው ሲደርስ ይዘነብላል። እንግዲህ እያንዳንዳችን በተቀመጥንበት ወንበር ላይ ሆነን፣ ይህ ሥራ መጀመሪያ የተጀመረው ለማን ጥቅም ነበር ብለን አልፎ አልፎ ብንጠይቅ፣ ከትንሿ የስፖርት መኪና ታሪክ ከመዝናናት የሚበልጥ ትርፍ እናገኛለን።